በሳፋ ሊለወጥ የነበረው አያ ኮምፒውተር

ተረት አለኝ፤ ጆሮ አላችሁ? «አለን» ካላችሁ ቀረብ በሉ።

ዱሮ ዱሮ፣ እንስሳውም ዕቃውም አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ አያ ኮምፒውተር በእትዬ የሺእመቤት ቤት ይኖር ነበር። እትዬ የሺእመቤት የሐበሻ ቀሚስ ጥልፍ ንድፍ የምታወጣ ሴት ነበረች። የሙሽራ እናቶች አጠገቧ ተቀምጠው «ይሄ ይሁን፣ ያኛው ይቅር» ሲሏት እሷ በአያ ኮምፒውተር ላይ ትስላለች። መተዳደሪያዋ ይኸው ነው። አያ ኮምፒውተርም በወጣትነቱ ቀልጣፋ ነበር፤ ቁልፉን ነካ ሲያደርጉት ብድግ፣ ንድፉን ሲጠሩት ከች ይል ነበር።

አንድ ክፉ አመል ግን ነበረበት፤ ይሉኝታ። እምቢ ማለት አያውቅም።

አንድ ቀን ዘፈን ማጫወቻ መጣና በሩን አንኳኳ። «አንድ አፍታ ብቻ ልረፍ» አለ። «ቤት ለእንግዳ!» አለ አያ ኮምፒውተር። ገባ፣ ተቀመጠ፣ አልተነሳም።

ደግሞ የአየር ጠባይ ነጋሪ መጣ። «አንድ አፍታ ብቻ» አለ። «ቤት ለእንግዳ!» አለ አያ ኮምፒውተር። ገባ፣ ተቀመጠ፣ አልተነሳም። ማንም ሳይጠይቀው ማንም በማያውቀው አገር ዝናብ መዝነቡን ያወራል።

ደግሞ የመኪና እሽቅድምድም ጌም ከነወንድሞቹ መጣ። «አንድ አፍታ ብቻ» አሉ። ምን እንዳላቸው ታውቁታላችሁ። ገቡ፣ ተቀመጡ፣ አልተነሱም።

ይኼ ሁሉ ባልከፋ፤ የባሰው የጠዋት ሰላምታ ነው። እትዬ የሺእመቤት ቁልፉን ስትጫን፣ እንግዶቹ ሁሉ ቀድመው ይነሱና አያ ኮምፒውተርን ይከቡታል።

«እንደምን አደርክ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ አንተስ እንደምን አደርክ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ስክሪኑ ደኅና ነው? ማራገቢያውስ? ሽቦው ሁሉ ደኅና?»

ጨዋ ሰላምታ አቋርጦ አይሄድም። ስለዚህ እትዬ የሺእመቤት ሽንኩርቷን ከትፋ፣ ሽሮዋን ጥዳ፣ ሽሮው ገንፍሎ ምድጃው ላይ ሲፈስ፣ እሱ ገና የሁለተኛውን እንግዳ ጤንነት ይጠይቃል።

በላዩ ላይ ደግሞ እመት ድመት ነበረች። እንግዳ በበዛ ቁጥር አያ ኮምፒውተር ይግላል፣ እሱ ሲግል ጀርባው ላይ ተጋድማ ትሞቃለች። ይቺ ተንኮለኛ ምን ትለው ነበር መሰላችሁ? «አንተን የመሰለ እንግዳ ተቀባይ በዚህ ሰፈር የለም» ትለዋለች። እሱም የተመሰገነ መስሎት የባሰ ይግላል።

አንድ ቀን የሙሽራ እናት የሆኑ አንዲት ወይዘሮ መጡ። ቁልፉ ተነካ፤ ሰላምታው ተጀመረ። ወይዘሮዋ ጠበቁ፣ አዛጉ፣ ነጠላቸውን አጣፉ።

«የሺእመቤት» አሉ በመጨረሻ፣ «እኔ ልጄን ልድር ነው የመጣሁት። ይኼ እስኪነሳ እሷ ወልዳ ክርስትና ታነሳለች።» ብድግ ብለው ወደ ሌላ ጥልፍ ቤት ሄዱ።

እትዬ የሺእመቤት በንዴት ጦፈች። «አንተ ግዑዝ! ቅዳሜ ልዋጩ ሲመጣ በሳፋ ካልለወጥኩህ የሺእመቤት አትበሉኝ!» አለች።

ልዋጭን ታውቁታላችሁ፤ ሳፋና ጆግ ተሸክሞ እየዞረ አሮጌውን ዕቃ በአዲስ ፕላስቲክ የሚለውጠው ነው። አሮጌ ኮምፒውተር እጁ ከገባ በመዶሻ ይፈልጠዋል፣ ሆዱን ዘርግፎ ሽቦውን ይሸጠዋል። አያ ኮምፒውተር ይህን ሲያስብ ፍርሃት ያዘው። መላ ፍለጋም ወደ እመት ድመት ዞረ። ወደ ማን እንደዞረ አያችሁልኝ?

«እመት ድመት፣ ምን ይበጀኛል?»

«በኢንተርኔት በኩል የሚመጡ ባለመድኃኒቶች አሉ። እነሱን አስገባ» አለችው፣ ሙቀቱ ታይቷት።

መጀመሪያ ጠራጊ መጣ። «ቤትህን ጠርጌ እንግዶችህን አስወጣልሃለሁ» አለ። ገባ። አቧራውን ከዚህ ጥግ ወደዚያ ጥግ ገፋው። ደከመኝ ብሎ ተቀመጠ፣ አልተነሳም።

ቀጥሎ አፍጣኝ መጣ። «እኔ ንፋስ አደርግሃለሁ» አለ። ገባ። ከጓዳ ሳሎን እየተመላለሰ «ፍጠን! ፍጠን!» እያለ ጮኸ። ሲጮኽ መንገዱን የዘጋው ራሱ ነበር። እሱም ተቀመጠ፣ አልተነሳም።

በመጨረሻ ዘበኛ መጣ። «ከእንግዲህ ማንም ዝም ብሎ አያልፍም» አለ። ገባ። እውነቱን ነው፣ ማንም አላለፈም፤ አያ ኮምፒውተር እንኳ በገዛ ቤቱ ከመኝታው ተነስቶ ሳሎን ለመድረስ «ማን ነህ? ከየት ነህ?» እየተባለ ይፈተሽ ጀመር።

አሁን ሰላምታውም ረዘመ፣ ግለቱም ጨመረ። እመት ድመት ሆዷን ገልብጣ ተኛች።

ቅዳሜ ደረሰ። «ልዋጭ! ልዋጭ!» የሚል ድምፅ ከቅያሱ ተሰማ። እትዬ የሺእመቤት አያ ኮምፒውተርን ከነስክሪኑ ተሸክማ አወጣችና በረንዳው ላይ ልዋጩ ካወረዳት አንዲት ቀይ ሳፋ አጠገብ አስቀመጠችው።

«ይሠራል እትዬ?» አለ ልዋጩ። «ከሠራ ትልቁን ሳፋ እሰጥዎታለሁ፤ ካልሠራ ትንሿን።»

«ይሠራል እንጂ! ቆይ፣ ሽቦ ስቤ ላብራልህ» ብላ ወደ ውስጥ ገባች።

ያን ጊዜ ቀይዋ ሳፋ አያ ኮምፒውተርን ቀና ብላ አየችው። «በእኔ የምትለወጠው አንተ ነህ?» አለችው።

«እኔ ነኝ፤ ምን ላድርግ?» አለ። «ደግሞ እኮ ምን ጎድሎኝ? ቤቴ ሙሉ ነው።»

«እሱ ነው በሽታህ» አለች ሳፋ። «እኔን የሚፈልጉኝ ባዶ ስለሆንኩ ነው። ልብስ ይዘፈዝፉብኛል፣ እደፋለሁ። ጎመን ያጥቡብኛል፣ እደፋለሁ። ያልተደፋ ሳፋ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ?»

«ምን ይሆናል?»

«ይገማል!»

«እንግዳን ውጣ ማለት ግን ነውር አይደለም?»

«እነሱ እንግዶችህ ከሆኑ፣ የልዋጩ ጆንያ ውስጥ አብረውህ ይገቡ እንደሆነ ጠይቃቸው» አለችው።

እትዬ የሺእመቤት ሽቦውን ሰክታ ቁልፉን ተጫነች። እንግዶቹ ወዲያው ከበቡት። «እንደምን አደርክ? ስክሪኑ ደኅና ነው?»

«ደኅና አይደለሁም» አለ አያ ኮምፒውተር። «ልዋጭ ሊወስደኝ ነው። በመዶሻ ሊፈልጠኝ ነው። ከእናንተ ማን አብሮኝ ይሄዳል?»

ዘፈን ማጫወቻው ጉሮሮውን ጠረገ። አፍጣኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ጠፋ። የአየር ጠባይ ነጋሪው ግን «የሚወስድህ ቦታ መብራት አለ?» ሲል ጠየቀ።

ያን ጊዜ አያ ኮምፒውተር በዕድሜው ሙሉ የዋጠው ሁሉ ገነፈለ። «ጌሞች፣ ውጡ! የዝናብ ወሬኛ፣ ውጣ! ጠራጊ፣ አቧራህን ይዘህ ውጣ! አፍጣኝ፣ እስቲ ፍጥነትህን በበሩ በኩል አሳየኝ! ዘበኛ፣ የሚጠበቅ ቤት ካለህ ሂድ! አንተ ማጫወቻ፣ ሠርግ ላይ ትፈለጋለህና ስጠራህ ብቻ ትመጣለህ፤ ለሰላምታ በጠዋት ደጄን እንዳትረግጥ!»

«ናቀን! ክብር የማያውቅ!» እያሉ፣ እየተጋፉ ወጡ።

አቤት የዚያን ጊዜ ቅልጥፍና! ልዋጩ የትልቁን ሳፋ አቧራ ጠርጎ ሳይጨርስ፣ የመስቀሉ ንድፍ፣ የጥለቱ ንድፍ፣ የአንገቱ ንድፍ ስክሪኑ ላይ ከች፣ ከች፣ ከች አለ። እትዬ የሺእመቤት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ወዲያው ደግሞ ደስታው ፈንቅሏት እልል አለች።

ልዋጩ አይቶ ጎመጀ። «እትዬ፣ ሁለት ሳፋ ልስጥዎት።»

«አይሆንም።»

«ሁለት ሳፋና ጆግ።»

«አይሆንም አልኩ እኮ!»

«በመድኃኔ ዓለም፣ ይኼን ሁሉ ዳገት ወጥቼ ባዶ እጄን ልመለስ?» አለና ደረጃው ላይ ቁጭ ሊል ጎንበስ አለ። እትዬ የሺእመቤትም ይሉኝታ ሊይዛት ጥቂት ቀራት። ግን ውሃ በጣሳ አምጥታ በቁሙ አጠጣችውና እስከ አጥሩ በር ሸኘችው። እመት ድመት የአያ ኮምፒውተር ጀርባ ቢቀዘቅዝባት ተነጫንጫ ወደ ጎረቤት ቴሌቪዥን ተሰደደች። የሙሽራ እናቶችም ወሬውን ሰምተው ተመለሱ።

እንግዳ የመጣ ዕለት ወርቅ፣ ሲያድር ብር፣ ሲሰነብት መዳብ ነው ይባላል። እኔ ደግሞ እላለሁ፤ በሩን መዝጋት ያቃተው ቤቱን ለእንግዳ፣ ራሱን ለልዋጭ ይሰጣል።

ተረቴ አለቀ። ደግሞ ምን ትጠብቃላችሁ? በሩ ያውላችሁ!