ከጎጆዋ ሥር የተኙት ሮማውያን

በአንዲት ጥንታዊ ከተማ፣ ከገበያው አጠገብ፣ ጥጥ እየፈተለች የምትኖር ምላሷ እንደ ምላጭ የሰላ ባልቴት ነበረች። አንድ ዓመት የጥንት ታሪክ አጥኚዎች መጥተው ጓሮዋን ቢቆፍሩ፣ የሮማውያን ነጋዴዎች መቃብር ተገኘ። መቃብሩም እስከ ጎጆዋ ምሰሶ ድረስ ይዘልቅ ነበር።

የከተማው ገዥ ፊታውራሪ ወሰንየለህ ያንን ቦታ ከድሮም ይመኙት ነበርና፣ ወዲያው "እነዚህ ሮማውያን ቅድመ አያቶቼ ናቸው" እያሉ ማስወራት ጀመሩ። ፊታውራሪ አንዴ ወሬ ከጀመሩ ሌላው እንዲተነፍስ የማይፈቅዱ ሰው ናቸው። እንዲፈርዱ ሽማግሌዎችን ሰብስበው ባልቴቷን አስጠሩና፣ የዘር ሐረጋቸውን ከሮም ጀምረው ሲቆጥሩ ጧት የተጀመረው ንግግር እኩለ ቀን ላይ አበቃ።

"አንቺ ሴት፣ በአያቶቼ አናት ላይ ጎጆ ቀልሰሽ ስትኖሪ አታፍሪም?" አሏት በመጨረሻ። "በይ፣ ወይ ዘመዶቼ አለመሆናቸውን አስረጂ፣ ወይ ዛሬውኑ ቤቱን ልቀቂ!"

ባልቴቷ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። ከዚያ ቤት ከወጣች መግቢያ እንደሌላት ታውቃለች፤ ሆኖም ፊታውራሪን ቀና ብላ እያየች መለሰች።

"ጌታዬ፣ በዚያ ቤት ተወልጄ፣ ባል አግብቼ፣ አርጅቼበታለሁ። ያን ሁሉ ዘመን አናታቸው ላይ ስወቅጥና ስፈጭ፣ አንድ ቀን እንኳ ትንፍሽ አላሉም። ለመሆኑ የእርስዎ ዘመዶች ቢሆኑ ኖሮ፣ ሞት ብቻውን ዝም ያሰኛቸው ነበር?"

ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን መግታት አቅቷቸው እየተንፈቀፈቁ ቤቱን ለባልቴቷ ፈረዱ።