ኮምፒውተሩ ያላወቃቸው ኃላፊ

የሹመት ወግ ነውና አዲሱ ኃላፊ አቶ አጥናፉ «ለውጥ መጥቷል!» ብለው ወንበሩን፣ መጋረጃውን፣ ኮምፒውተሩንም አስቀየሩ። አዲሱን ኮምፒውተር ማስተካከል ሲሰለቻቸው ግን ምላሰኛዋን የአይቲ ሠራተኛ ጠርተው፣ «የቀድሞው ኃላፊ የአቶ ይመኑ ሴቲንግ ተቀምጦ የለ? እሱኑ እንዳለ ጫኚልኝ» አሏት።

«የሳቸው ነገር ሁሉ አብሮ ይመጣል» አለቻቸው።

«ምክር አልጠየቅኩሽም!»

ጫነችው። ኮምፒውተሩ ሲከፈት፣ «እንኳን ደህና መጡ፣ አቶ ይመኑ» አለ።

ኃላፊው ቱግ አሉ። «ኃላፊ መቀየሩን ይሄ ዕቃ እንዴት አያውቅም? አስረጂኝ፤ አለዚያ ሥራሽን ልቀቂ!»

ልጅቷ ኮሪደሩ ላይ ወደተኮለኮለው ባለጉዳይ ዞር አለች።

«አይፍረዱበት፣ ጌታዬ። እነዚህም ቢሆኑ እርስዎ ዛሬም እንደ ወትሮው ‹ነገ ኑ› ስላሏቸው፣ አቶ ይመኑ የተነሱ አልመሰላቸውም።»