ተቀምጠው የሚጸልዩበት ማለዳ

በከምባታ ደጋ፣ አንጋፎ ከተባለችው መንደር ራስጌ ያለው ቤተ ምሕረት ትምህርት ቤት፣ በየዓመቱ ትምህርት በሚከፈትበት ቀን የማለዳውን ጸሎት የሚያደርሰው መሬት ላይ ተቀምጦ ነው። በሌላው ቀን ሁሉ ቆሞ፣ ዓይን ጨፍኖ፣ አንዱ የሌላውን ጫማ እየረገጠ ይጸለያል፤ በዚያ ቀን ግን ከርእሰ መምህሩ እስከ ጀማሪው ሁሉም ቁጭ ይላል። ለምን ብሎ ለጠየቀ እንግዳ «የመምህርት ዘነበች ነው» ይሉታል።

እንደሚነገረው፣ ትምህርት ቤቱን ያቋቋሙት ሚስዮናውያን ወደ አገራቸው ሲመለሱ ሕንፃውን ለቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች አስረክበው ነበር። አስተማሪዎቹም ከዚያ ወዲያ አንድ አንድ እያሉ ወደ ከተማ ሄዱና፣ ለአራት ክፍል መምህርት ዘነበች ላሬቦ ብቻዋን ቀረች። አንደኛ ክፍልን ፊደል አስጀምራ ወደ ሁለተኛ ትሮጣለች፤ ለሁለተኛ የሒሳብ ጥያቄ ሰጥታ ሦስተኛ ስትደርስ አንደኛ ክፍል ተደባድቦ ይጠብቃታል። አስተማሪ ፈልጉልኝ ብላ በለመነች ቁጥር የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ አቶ ሄራኖ «በርቺ እህት ዘነበች፣ ጌታ ያበርታሽ» ብለው ይሸኟታል። መንገድ ላይ የሚያገኛት ሁሉ በርቺ ይላታል። በርቺ ባዩ ሞልቶ ጠመኔ የሚይዝ ጠፋ። ሁለት ዓመት እንዲህ ከሄደች በኋላ ጉልበቷ ብቻ ሳይሆን ልቧም ዛለ፤ ልጆቹን እየወደደቻቸው ሲጠሯት መስማት አስጠላት፤ ይህም ከድካሙ ይልቅ አሳፈራት።

ሦስተኛው ዓመት የሚከፈትበት ዕለት ገበያ የዋለበት ቀን ነበር ይባላል። ዘነበች ልጆቹን አሰናብታ፣ የክፍሎቹን ቁልፍ ለአቶ ሄራኖ መልሳ፣ ትምህርት ቤቱን ልትዘጋ ቆርጣ መጣች። ለጸሎት ሰልፉ ፊት ስትቆም ግን መቆሙ ታከታትና የአንደኛ ክፍል በር ደረጃ ላይ ዘጭ አለች። ልጆቹ የአዲሱ ዓመት ሥርዓት መስሏቸው እነሱም ተቀመጡ። እሷም ዓይኗን ጨፍና ለራሷ ያህል፣

«ጌታ ሆይ፣ ደክሞኛል» አለች።

ልጆቹ በየማለዳው እሷ ያለችውን እየተቀበሉ መጸለይ ለምደዋልና፣ መቶ ሃምሳው በአንድ ድምፅ «ጌታ ሆይ፣ ደክሞኛል» አሉ።

ዝም ልታሰኛቸው አቅም አጣች። «ብቻዬን ነኝ» አለች፤ «ብቻዬን ነኝ» አሉ። «እባክህ፣ አንተም በርቺ አትበለኝ» ስትል፣ ወንዶቹም ሳይቀሩ «አንተም በርቺ አትበለኝ» ብለው ጮኹ።

ወደ ገበያ የሚወርደው ሰው አጥሩ ሥር ቆመ። አቶ ሄራኖም ከበቅሏቸው ወርደው ገቡ።

«ምነው እህት ዘነበች፣ ልጆቹን ምን እያስተማርሽልን ነው?»

«ያለኝን ነው አቶ ሄራኖ» አለችና ቁልፉን ዘረጋችላቸው።

ሰውየው እንደ ልማዳቸው ሊያበረታቷት አፋቸውን ከፈቱ፤ ልጆቹ ሁሉ ቀና ብለው ሲያዩዋቸው ግን በርቺ ማለቱን ተዉት። ቁልፉን ተቀብለው አንደኛ ክፍልን ከፈቱ፤ ከመዝሙረ ዳዊት በቀር ያነበቡት ስላልነበረ እሱኑ ይዘው ፊደል ያስቆጥሩ ጀመር። አጥሩ ሥር ከቆሙት አንድ ልብስ ሰፊና አንዲት ጨው ነጋዴም ዕቃቸውን አስቀምጠው ሌሎቹን ክፍሎች ሊይዙ ተከተሏቸው። ዘነበች ደረጃው ላይ እንደተቀመጠች እስከ እኩለ ቀን ተኛች። የቀሰቀሳት አልነበረም።

ዛሬም በዚያ ቀን ከአሜን በኋላ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ የሚያስተምሩት ወላጆች ናቸው፤ መምህራኑ ደረጃው ላይ ይቀመጣሉ፤ በርቱ የሚላቸውም የለም። መምህርት ዘነበች ከዚያ በኋላ ሃያ ሁለት ዓመት አስተምራለች ይላሉ ሽማግሌዎቹ። ድካሙ ወጣላት የሚል ግን ከመካከላቸው እስካሁን አልተገኘም።