ደሃቦና የአሸዋው ጭራቅ

ልጆች፣ ጠጋ በሉ። ባሕር ገና ጨው ሳይገባበት፣ በሩቅ ዘመን፣ በአንዲት ደሴት ላይ ደሃቦ የምትባል ልጅ ከእናቷ ጋር ትኖር ነበር። ከባሕሩ አሸዋ በታች ደግሞ አንድ ጭራቅ ይኖራል። ጭራቁ ቀንድ አውጣ ነው፤ ዛጎሉ ከቤት ይተልቃል፣ ምላሱ ድንጋይ ይበሳል። ባሕሩ ሲሞላ በአሸዋው ውስጥ ለውስጥ ይመጣል፤ የቤቱን ግድግዳ ክብ አድርጎ ይበሳና ሰዎቹን መጥጦ ዛጎሉ ውስጥ ይከታቸዋል። ባሕሩ ሲሸሽ ተመልሶ ይሄዳል።

አንድ ቀን ደሃቦ ከወዲያኛው ዳርቻ እንጨት ለቅማ ስትመለስ የመንደሩ ቤቶች ተበስተዋል። እናቷን ተጣራች። ጎረቤቶቿን በየስማቸው ተጣራች። የሚመልስ ጠፋ። አንድ ያልተበሳ ቤት አግኝታ ገባች፤ ለእራት ሁለት ሳህን አቀረበችና አንዱን መልሳ አነሳችው።

ባሕሩ ሞላ። ከግድግዳው ሥር አሸዋው ተንቀሳቀሰ።

"ደሃቦ፣ ደሃቦ፣ ከአንቺ ጋር ማን አለ?"

"ማንም የለም።"

"እንግዲያው መጣሁልሽ።"

ክርር፣ ክርር፣ ይበሳ ጀመር። ግድግዳው ወፍራም ነበርና ሳይጨርስ ባሕሩ ሸሸ፤ እሱም ሄደ።

በማግስቱም ባሕሩ ሞላ።

"ደሃቦ፣ ደሃቦ፣ ከአንቺ ጋር ማን አለ?"

"ማንም የለም።"

"እንግዲያው መጣሁልሽ።"

ክርር፣ ክርር። አሁን ቀዳዳው ጣት ያስገባል። ባሕሩ መሸሽ ሲጀምር ጭራቁ ተቻኩሎ ሄደ። ውሃ ከሌለ መንቀሳቀስ እንደማይችል ደሃቦ ያኔ ገባት። ግን ልጆች፣ ሲሄድ አለቀሰች። ስሟን የሚጠራ ሌላ ድምፅ አልነበረማ።

በሦስተኛው ቀንም ባሕሩ ሞላ።

"ደሃቦ፣ ደሃቦ፣ ከአንቺ ጋር ማን አለ?"

"አንተ አለህ።"

ጭራቁ መብሳቱን አቆመ። እንዲህ ብሎት የሚያውቅ ሰው የለም። ደሃቦ በቀዳዳው በኩል ታወራለት ጀመር፤ እናቷ ዓሣ ስትጠብስ እንዴት እንደምታንጎራጉር፣ ጎረቤቶቿ በምን እንደሚጣሉ፣ ጸጥታው እንዴት እንደሚከብዳት ሁሉንም ነገረችው። አንዴም አላቋረጠችም። ጭራቁ ደህና አድርጎ ለመስማት ሰውነቱን ከዛጎሉ እያወጣ፣ እያወጣ፣ አሸዋው ላይ ተዘረጋ።

"ባሕሩ የታለ?" አለ በመጨረሻ።

"ሄዷል" አለችው።

አሸዋው ውስጥ ሊገባ ቢሞክር ደርቋል። ዛጎሉ ውስጥ ሊገባ ቢሞክር በሰው ተሞልቷል። ውሃው ከሰውነቱ እየፈሰሰ አለቀና አውራ ጣት አክሎ ቀረ። ሰዎቹ ዓይናቸውን እያሹ ከዛጎሉ ወጡ፤ ጭቃ አቡክተውም የየቤታቸውን ቀዳዳ ደፈኑ።

እናቷ ከሁሉም ኋላ ወጣች። "ልጄ፣ ብቻሽን እንዴት ቻልሽው?" አለቻት።

ደሃቦ የእናቷን ቀሚስ ጨበጠች፤ እንቅልፍ ሲወስዳትም አልለቀቀችውም።

የእኔ ተረት እዚህ መልሕቁን ጣለ፤ እናንተም ወደየእናታችሁ ሂዱ።