የባንቺይርጋ ድርሻ

ቀረብ በሉ ልጆቼ፤ ጆሮ ያለው ይስማ፣ እንቅልፍ የያዘው ይተኛ። ነገሩ የድሮ ነው፤ ሰማዩ የአሞራ ብቻ ከነበረበት ዘመን ማብቂያ ላይ ነው።

በዚያ ዘመን በዚሁ በዋርካ ሜዳ ባንቺይርጋ የምትባል ሴት ነበረች። ቁመቷ አጭር፣ ምላሷ ስለታም። አባቷ መሪጌታ ልሳኑ የባሕረ ሐሳብ ሊቅ ነበሩ፤ ጾምና በዓል መቼ እንደሚውል በጣታቸው አንጓ ቆጥረው ያወጣሉ። ዓይናቸው ሲጠፋ በእሷ ጣት መቁጠር ጀመሩ። እሳቸው ቆጠሩ፣ እሷም ቆጠረች፤ ኋላ በለጠቻቸው። መሪጌታም፣ «ወንድ ብትሆኚ አድባራት ይጣሉብሽ ነበር» አሏት።

አንድ ቀን አውሮፕላን መጣ። ሜዳችን ላይ እንዳረፈ ዝናብ ያዘውና ጎማው ጭቃ ውስጥ ሰመጠ። አብራሪው ክረምቱን እኛው ዘንድ ከረመ። ደግ ሰው ነበር፤ ሽሮ ለመደ፣ ለባንቺይርጋም የሙያውን ሒሳብ አስተማራት። ክንፍ ነፋስን እንዴት እንደሚደገፍ፣ ፀሐይ ሲበረታ አየር እንዴት እንደሚሳሳ፣ ጭነት ሲበዛ ሜዳው ምን ያህል መርዘም እንዳለበት ነገራት። ያን ጊዜ አንድ ምኞት ገባባት፤ አንዴ፣ አንዴ ብቻ በርራ የአባቷን ደብር ከላይ ማየት። ለሁሉም ትናገረው ነበር፤ ለበሬዋም ጭምር።

መስከረም ጠባ፤ ጭቃው ደረቀ። ሜዳው ግን አጭር ነው፣ ጫፉም ገደል። አብራሪው ፈራ። ባንቺይርጋ ቆጠረች።

«ወንበሮቹን ይንቀሉ። እስከ ቅርቡ ከተማ የሚያደርስዎትን ነዳጅ ብቻ ይያዙ። አየሩ ሳይሞቅ በማለዳ ይነሡ» አለችው።

እሱም ቆጠረ፤ የሁለቱ ሒሳብ ገጠመ። ተነሣ፤ በሰላም ሄደ። ከዚያ ወዲህ አውሮፕላን ይመላለስ ጀመር፤ ባንቺይርጋም ጭነት መዛኝ ሆነች።

ሁለተኛው ፈተና ከእኛው መጣ። ሰው ተመዘነ፣ ዕቃ ተመዘነ፣ ልኩ ሞላ። ታዲያ የዋርካ ሜዳ ሰው ዘመዱን ባዶ እጁን ይሸኛል? ከሚዛኑ በኋላ አንዱ ቅል ሙሉ ቅቤ፣ አንዷ ማር፣ አንዷ ድርቆሽ በነጠላዋ ሥር ሸሽጋ አቀበለች። አውሮፕላኑ ሮጠ፣ ሮጠ፣ ከአፋፉ ወርዶ ጠፋ። ሴቶቹ ደረት መቱ። ጥቂት ቆይቶ ከገደሉ ሥር ብቅ አለ፤ እንደ ሰካራም እየተንገዳገደ ሄደ።

ባንቺይርጋ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። «ሁሉን ቆጥሬ ፍቅራችሁን ረሳሁ» አለች።

ከዚያ በኋላ ተጓዥ የሚመዘነው ሸኚው ተሰናብቶ ሲያበቃ ሆነ። ስንቅ ከበዛ፣ «ከዚህ ላይ አንዱን ተዉ» ትላለች። ሰዉም ተቀይሞ «ስንቅ ከልካይ» የሚል ስም አወጣላት። ለሰው ሞት አነሰው። አንድም አውሮፕላን ግን ከሜዳችን ተነሥቶ አልወደቀም።

ዓመታት አለፉ፤ ጠጉሯ ሸበተ። ያ አብራሪ የአብራሪዎች አለቃ ሆኖ ነበርና ለተማሪዎቹ እንድታስተምርለት አዲስ አበባ ጠራት። ማስተማሩንስ ወደደችው፤ ይበልጥ የወደደችው ግን መብረሩን ነው። አዲስ ቀሚስ አሰፋች። ክብደት እንዳልጨምር ብላ እራት ትታ ሰነበተች።

በመሄጃዋ ጧት ተመዘነች፣ ገባች፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች። የቀሩት ተሳፋሪዎች ሁሉ ለሕክምና የሚሄዱ ሕሙማን ነበሩ። ሞተሩ ሊነሣ ሲል ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው እየሮጡ መጡ። ምጥ የጠናባት ሴት ነበረች፤ አዋላጆቹ ተስፋ ቆርጠዋል። ሁሉም ወደ ባንቺይርጋ አየ። እሷ ጣቷን አየች።

«ሁለት ነፍስ ናቸው። አንድ ሰው ይወርዳል» አለች። ነጠላዋን አጣፋችና ወረደች።

የዕለቱ አብራሪ፣ «እማማ፣ ሌላ ቀን እንወስድዎታለን» አላት።

«ይሁን፤ ደብሩ የትም አይሄድ» አለችው።

ሌላ ቀን አልመጣም። ያን ክረምት በሳንባ ምች ሞተች። ከደብሩ ሥር፣ ከአባቷ ጎን ተቀበረች።

ስለዚህ ነው በአገራችን መንገደኛ ሲሸኝ ከስንቁ አንዱን አንሥቶ ደጃፍ ላይ የሚተወው። «የባንቺይርጋ ድርሻ» ይባላል፤ ያጣ ሰው ይወስደዋል። ለምን ብላችሁ ብትጠይቁ መንገዱ እንዲቀልል ነው ይሏችኋል።

እኔ ሁልጊዜ የምተወው ማሩን ነው። ያቺ በቃሬዛ የመጣች ሴት እናቴ ናት። ባንቺይርጋ አንዴም ሳትበር፣ እኔ ሳልወለድ በረርሁ። እናቴ እንኳ መሞት መኖሬን ሳታውቅ፣ ከሰው ቁጥር አስቀድማ ያስገባችኝ ባንቺይርጋ ናት።