ከነገረህ ሰው ኋላ ቁም

አንድ ባለጸጋ ነበረ፤ በሬ ጠፋበት።

ቁጭ በይ ንጋቷ፣ ጥያቄሽን አልረሳሁትም። አምስት ጥናት ተሸክመሽ መጥተሻል። የሕግ ምሁሩ፣ የሥነ ጽሑፍ ምሁሩ፣ የአየር ንብረት ተመራማሪው፣ የብርሃንን ቅንጣት የሚቆጥር መሣሪያ የሠራው የኳንተም ኦፕቲክስ ሊቅ፣ የቅኝ ግዛት ዘመን ታሪክ ጸሐፊው፣ አምስቱም የቆላው መሬት ከጥንት ጀምሮ ሰው ኖሮበት አያውቅም ይላሉ። ሰኞ አንቺ ማጠቃለያውን ስትፈርሚ፣ እዚያ ፍየልና ግመል የሚያረቡት ሰዎች ትናንት የመጡ ሰፋሪዎች ተብለው ከመሬታቸው ይነሳሉ። «አምስት ሊቅ ከተስማማ ለመፈረም ምን ይቀረኛል፣ ጋሼ?» ነው ያልሽኝ። አንቺ ደግሞ አምስት ሲስማማ ደስ ይልሻል፤ እኔ ሁለት ሰው ሲስማማ እንኳ ኪሴን እዳብሳለሁ። በይ ስለ በሬው ስሚኝ።

በዚያ ባለጸጋ አገር ከብት ጠፍቶ ሌባው ካልታወቀ አውጫጭኝ ይጠራ ነበር። ወንድ የተባለ ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ሌባው እስኪታወቅ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም፤ አዝመራው ቢረግፍ፣ ሚስቱ ብታምጥ፣ የለም! እያንዳንዱ ብቻውን ሽማግሌዎቹ ፊት ቀርቦ ይምልና የሚያውቀውን ይናገራል። ከማን ሰማህ አይባልም። «ወፍ ነገረችኝ» ካለ አበቃ፣ ወፏ አትጠየቅም። ልማዱ በክፋት የወጣ አይደለም፤ ድሃው ጉልበተኛውን ሳይፈራ እንዲናገር ብለው ነው። እኔ ግን የማትጠየቅ ወፍ አልወድም።

ከሽማግሌዎቹ መካከል አንድ ጠርጣራ ሰው ነበረ። ጤፍ ሲገዛ ላዩን አያይም፤ እጁን እስከ ክንዱ ጆንያው ውስጥ ሰዶ ከታች ያለውን ዘግኖ ያወጣል። የገዛ ወንድሙ ጆንያ ቢሆንም ያው ነው። ሰርግ ሲጠሩት እንኳ «ደግሞ ይሄ መጥቶ ሙሽራዋን ይመረምርብናል» እያሉ ይስቁበት ነበር። ሰው አይወደውም፤ እሱም ያውቀዋል፣ ግድም የለው።

የመጀመሪያው ምስክር ቀረበ። «ወፍ ነገረችኝ» አለ፤ «በሬውን የነዳው ያ መጤ ገበሬ ነው። ወንዝ አውርዶ አርዶታል።» ሁለተኛው ቀረበ፤ መጤው ገበሬ ነው፣ ወንዝ አውርዶ አርዶታል። ሦስተኛውም እንደዚያው። ከዚያ በኋላ የቀረበው ሁሉ ያንኑ ቃል ተናገረ። ሽማግሌዎቹ ምስክሩ አፉን ሳይከፍት ራሳቸውን መነቅነቅ ጀመሩ።

መጤ የተባለው ገበሬ ከሌላ አገር ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ የመጣ ሰው ነው። ማንም ያልፈለገውን ድንጋያማ ጠርዝ ሰጥተውት፣ ድንጋዩን በእጁ ለቅሞ ማሽላ አብቅሎበታል። ጥፋተኛ ከተባለ ጎጆው ይፈርሳል፣ ማሽላው ይወሰዳል፣ ከነልጆቹ ከአገር ይወጣል። ሜዳው መሃል ብቻውን ተቀምጧል፤ አጠገቡ መቀመጥ የደፈረ የለም። ሽማግሌዎቹ እሱን ለምስክርነት አልጠሩትም። ተጠርጣሪ ምን ሊል ነው ብለው ነው።

ፀሐይ አዘቀዘቀ። ሰው ርቦታል፣ ከብት ያልታለበለት አለ፣ ሁሉም መሄድ ይፈልጋል። የሽማግሌዎቹ አለቃ በትሩን ተደግፎ ተነሣ። «ከዚህ በላይ ምን እንፈልጋለን? አገር በሙሉ አንድ ቃል ተናግሯል» አለ።

«እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው» አለ ጠርጣራው።

«ደሞ ጀመረህ!»

«አዎ ጀመረኝ። በሬ ሲነዳ ካዩ አንዱ ሰኞ ነው ይላል፣ አንዱ የለም ማክሰኞ ነው ብሎ ይከራከረዋል። አንዱ ቀንዱን አየሁ ይላል፣ አንዱ ጅራቱን። ይሄ ሁሉ ሰው እንዴት አንድ ዓይን ኖረው?»

«ታዲያ ወፏን ልትጠይቅ ነው?» ብሎ አለቃው ተቆጣ።

«ወፏን አልጠይቅም፤ ስምም አይጠራ። ሁሉም ሰው ይነሣና ከነገረው ሰው ኋላ ይቁም።»

«ይህማ በእግር መጠየቅ ነው! ልማድ ማፍረስ ነው!»

«ልማድ ካፈረስኩ ነገ ሸንጎው እኔን ይቅጣኝ። ዛሬ ግን ለራታችሁ ብላችሁ ሰው አታባርሩም» አለና ሜዳው መግቢያ ላይ ሄዶ ተቀመጠ። እሱን ረግጦ የሚያልፍ ካልሆነ መውጫ የለም።

ሰዉ እያጉረመረመ ተነሣ። መጀመሪያ አፈሩ፣ ቀጥሎ መሳቅ ጀመሩ፤ ጎረምሶቹማ ጨዋታ አደረጉት። አንጥረኛው ከሸማኔው ኋላ ቆመ። ሸማኔው ከአማቹ ኋላ፣ አማቹ ከንብ አናቢው ኋላ፣ ንብ አናቢው ከባለጸጋው ጎረቤት ኋላ። ሌላውም የነገረውን እየፈለገ ከሰልፉ ገባ። የባለጸጋው ጎረቤት ደግሞ ሄዶ ከባለጸጋው ኋላ ቆመ።

አሃ! አለ ሰው ሁሉ። ነገሩን የፈጠረው ራሱ ባለከብቱ ነው ማለት ነው። አንቺም እንደዚያ አሰብሽ አይደል? ፊትሽ ይናገራል። እኔ ብሆንም እንደዚያ አስብ ነበር።

«አንተስ?» አለው ጠርጣራው።

ባለጸጋው ምንም ሳይደነግጥ፣ ሰልፉን በሙሉ አልፎ ሄደና ከአንጥረኛው ኋላ ቆመ። «እኔማ የሰማሁት ከአንጥረኛው ነው» አለ። «ወንዝ አውርዶ እንዳረደው ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ እየማለ ነው የነገረኝ።»

ሳቁ ቆመ። ሰልፉ ዞሮ ገጠመ። ሁሉም የፊተኛውን ሰው ማጅራት ያያል፣ ፊተኛ የሚባል ሰው ግን የለም።

«ለጎረቤትህ መጀመሪያ ምን ብለኸው ነበር?» አለ ጠርጣራው።

«ምንም። በሬው የጠፋ ዕለት ‹ያ መጤ ይሆን እንዴ?› አልኩት እንጂ። መጠየቄ ነው። ኋላ አንጥረኛው ከነወንዙ፣ ከነእርዱ ሲነግረኝ፣ ለካ እውነቴን ኖሯል አልኩ።»

ጠርጣራው ወደ ክቡ መሃል ዞረ። ያ ገበሬ እንደተቀመጠ ነው። «አንተ ለምን ተነሥተህ አልቆምክም?» አለው።

«የነገረኝ ሰው የለም» አለ ገበሬው። «ከማን ኋላ ልቁም?»

ማንም ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም። ጠርጣራው ግን ገና አልጨረሰም። «በሬውን ሊፈልግ የወጣ ማን ነው?» አለ። አንድም ሰው አልወጣም፤ ሁሉም ወሬ ሲሰማና ሲያሰማ ነው የከረመው። ያኔ ተነሥተው ፈለጉት። ከባለጸጋው ከራሱ ግጦሽ ጥግ፣ ጎርፍ የቦረቦረው ጉድባ ውስጥ ወድቆ ኖሯል። ቀንዱንና የአንገት ገመዱን ብቻ ነው ጅብ የተወላቸው።

ገበሬውን ይቅርታ ሊሉት ወደ ጎጆው ሲሄዱ አህያውን ሲጭን አገኙት። ለመኑት፣ እግሩ ላይ ወደቁ። «ነገ ደግሞ በግ ይጠፋ ይሆናል» አላቸው። ልጆቹን አስቀደመና ሄደ። ማሽላው ሳይታጨድ ቀረ፤ ወፍ በላው።

ታሪኩ ይኸው ነው። አሁን ወረቀቶችሽን አምጪያቸው፤ ወለሉ ላይ ዘርጊ። ኧረ አንቺ ልጅ፣ እንዳይቆሽሹ አትሳሺላቸው!

የሕግ ምሁሩ «ባለቤት አልባ መሬት ነው» ሲል ማንን ጠቀሰ? የታሪክ ጸሐፊውን። ጥሩ፣ ከኋላው አቁሚው። የሥነ ጽሑፍ ምሁሩስ የቆላውን ዘፈን ለምን አልሰበሰበም? ባለቤት የሌለው መሬት ዘፋኝም አይኖረውም ብሎ፤ ከሕጉ ሰው ኋላ ይቁም። የአየር ንብረቱ ተመራማሪ? ዘፈንም ትዝታም ካልተገኘ ድርቁ ሰው የሚያኖር አልነበረም አለ፤ ከሥነ ጽሑፉ ኋላ። የብርሃኑ ሊቅማ ከአየር ላይ ቆላውን የቃኘበት መሣሪያው ክብ ክብ የድንጋይ ካብ አሳይቶት ነበር። አንብቢው፣ ከታች በትንሹ ጽፎታል፦ ድርቁ ሰው ስለማያኖር የተፈጥሮ ድንጋይ ነው ብሎ አለፈው። መሣሪያው አየ፣ እሱ አላመነውም። ከአየር ንብረቱ ኋላ አቁሚው።

የታሪክ ጸሐፊው ይቀርሻል። ባለፈው ዓመት መጽሐፉን አሻሽሎ ሲያሳትም ምን ብሎ ጨመረ? «የብርሃን መሣሪያ ሳይቀር አረጋግጦታል።» ይኸውልሽ፣ ገጠመ!

ደግሞ ከሁሉም በፊት የታሪክ ጸሐፊው መጽሐፍ የመጀመሪያው እትም የጠቀሰው አንድ የቅኝ ገዢ መኮንን አለ። ከቆላው ወንዝ ማዶ ሆኖ፣ በበጋ፣ ሰዎቹ ግመላቸውን ይዘው ውኃ ፍለጋ በሄዱበት ወር በመነጽር አየ። የጻፈው «ምናልባት ሰው አይኖርበትም» ብሎ ነው። ምናልባት! ያቺ «ምናልባት» ከአምስቱ በየትኛው ውስጥ አለች? ፈልጊያት። የለችም። የባለጸጋው «ይሆን እንዴ» የሄደችበት ሄዳለች።

አንዳቸውም አልዋሹም፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው። ዋሽተው ቢሆን አንዱን ይዘን እናስለፈልፈው ነበር። ሁሉም ጨዋ፣ ሁሉም ትጉህ፣ ሁሉም የነገረውን አክባሪ። አንቺም ስድስተኛ ሆነሽ ከኋላቸው ልትቆሚ ነበር፤ ነገ ደግሞ ሌላው አንቺን ጠቅሶ ከአንቺ ኋላ ይቆማል። አምስት ምስክር አይደለም ልጄ፣ አንድ «ይሆን እንዴ» አምስት ጊዜ ሲዞር ነው። እጅሽን ጆንያው ውስጥ ሳትሰጂ ላዩን አይተሽ ልትገዢ ነው።

ክቡ መሃል ማን ተቀምጧል ብዬ አልጠይቅሽም፤ ራስሽ ነሽ የነገርሽኝ። ባለፈው ሳምንት ከቆላ መጥተው ቢሮሽ ደጃፍ ሲጠብቁ የዋሉት አባት። ምን አልሻቸው? «ጥናቱ ሲያልቅ ይምጡ።» አይ ንጋቷ! ከማንም ያልሰሙት፣ እዚያ የኖሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ እኮ።

ፊርማሽን ተይውና ነገ በጠዋት ቆላ ውረጂ። ግመላቸውን ሳይጭኑ ድረሺባቸው።