አዞ ገዳዩ አሣ አጥማጅና የሐይቁ ሹም

ጠጋ በሉና ስሙኝ፣ ልጆቼ። አንድ ሐይቅ ዳር ግራዝማች ወልደጻድቅ የሚባሉ፣ ዓይናቸው ያረፈበትን ሁሉ «የኔ ነው» የሚሉ ሹም ነበሩ። አንድ አሣ አጥማጅ አዞ ገደለ ቢሏቸው አስጠሩትና አገሬው ፊት አቆሙት።

«ስማ አንተ! አዞ የሚኖረው የት ነው? ውሃ ውስጥ ካልክ ሐይቁ የኔ ነውና ታንኳህን እወስዳለሁ። የብስ ላይ ካልክም ዳርቻው የኔ ነውና ጎጆህን እወስዳለሁ።»

አያችሁልኝ ተንኮላቸውን! ታንኳው ቢሄድ ልጆቹ ምን ይበላሉ? ጎጆው ቢሄድስ የት ይገባሉ?

ሰውየው እጅ ነሳ። «እውነት ነው ጌታዬ፤ አዞ የሚያድነው ውሃ ውስጥ ነው፣ እንቁላሉን የሚቀብረው አሸዋው ላይ ነው። ሁለቱም የርስዎ ነው። እኔ ግን የገደልኩት ከሁለቱ ቦታ በአንዱም ሆኜ አይደለም።»

«ታዲያ የት ሆነህ ነው?»

ሱሪውን ሰብስቦ የተዘነጣጠለ እግሩን አሳያቸው።

«አፉ ውስጥ ሆኜ ነዋ፣ ጌታዬ! እሱም የርስዎ ግዛት ከሆነ፣ ወንድሞቹ ይኸው አፋቸውን ከፍተው ዳር ላይ ተኝተዋል። የመለኪያ ገመድዎን ይዘው ይግቡና ድንበርዎን ያስከብሩ።»

ግራዝማችም ሰውየውን ከነታንኳው ከነጎጆው አሰናበቱት። ለመለካቱ ግን፣ ምን ያድርጉ፣ እስኪሞቱ ድረስ ጊዜ አላገኙም አሉ።